አምስተኛው ስም

ጎፋ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ልጄ ለምስጢር፣

ሰላምሽ ይብዛ። አባትሽስ እንዴት ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ሩቲም ደህና ናት። ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ስትመለስ ያንቺ ክፍል በር ጋ ቆም ትልና ታየዋለች። ስድስት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ተከራይተሽ ስትኖሪ ልጅ ሆነሽን ነበርና ክፍሉን ለሌላ ሰው ለማከራየት ሁለታችንም አልደፈርንም።

ስልክ ስለማላነሳ ማዘንሽ ልክ ነው። አራት ጊዜ ደወልሽ፣ አራቱንም አላነሳሁም። ይቅር በይኝ። በመስከረም ያ ትኩሳት ይዞኝ ከተኛሁ ወዲህ በስልክ ማውራት ይከብደኛል። ስለዚህ እንዲህ በወረቀት እጽፍልሻለሁ፤ ሩቲ በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። የእጅ ጽሑፍሽን ማየት ደግሞ ደስ ይለኛል።

በሩቲ በኩል ስለ ዝርዝሩ ጠይቀሽኛል። አዎ፣ ዘንድሮም አልቀርም። የንጋት ፊልም ሽልማት ዳኞች የምርጥ ዳይሬክተር ዕጩዎችን የካቲት አንድ ቀን ይፋ ያደርጋሉ። እኔም እንደ ልማዴ አምስቱ እነማን እንደሚሆኑ በታኅሣሥ በሬዲዮ እገምታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ስም ስላልሳትኩ የፕሮግራሙ አዘጋጅ ኢፋ «ነቢዩ ጋሽ ጸጋአብ» እያለ ያስተዋውቀኛል። ተው ብዬዋለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይሰሙታል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም ሳጫውት የኖርኩ ሰው ነኝ። ዳኞቹን አውቃቸዋለሁ፣ የሚወዱትንም አውቃለሁ፣ ሌላ ተአምር የለውም።

እስካሁን አሥራ አራት ፊልም አየሁ። ያንቺ «ቆጣሪ» ይቀረኛል። ለቡ መብራት ኃይል ያለው ትንሹ አዳራሽ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ያሳየዋል ብለውኝ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር፤ ታክሲው አሳልፎኝ ፉሪ ወሰደኝ። ተመልሼ ስደርስ ሰው እየወጣ ነው። እርጅና ነው እንግዲህ። በዚህ ሐሙስ ግን አይቀርም።

የሚወድሽ
ጸጋአብ


ሆሳዕና፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ጸጋአብ፣

ጌታ ይባርክዎት። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ተቀይመውኛል ብዬ ነበር። ወገባቸውን ተሻላቸው ወይ ላሉኝ፣ አባቴ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሩ ሄዷል።

ነገ ሐሙስ ነው። ጋሼ፣ እባክዎ አይሂዱ።

ሩቲ ለምን ሳትሰናበቺን ሄድሽ ብላኝ ነበር። ለእሷ ያልመለስኩትን ለእርስዎ ልንገርዎት። በነሐሴ ፊልሙ የተመረቀ ዕለት መብራቱ ጠፍቶ ከጀመረ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላውም፤ ከኋላ አንድ ሰው «ድምፅ!» አለ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ «ድምፅ! ድምፅ!» ማለት ጀመረ። ማጫወቻ ክፍሉ ድረስ ሮጬ ወጣሁ። ኦፕሬተሩ ዞር ብሎ አየኝና «እህቴ፣ መሣሪያው ምንም አልሆነም። ፊልምሽ ነው» አለኝ።

ልክ ነበር። የቀረጽነው ዋናው ድምፅ ግማሹ ተበላሽቶብን በካሜራው ማይክ የተያዘውን ነው የተጠቀምነው። ነፋስና መኪና ነው የሚሰማው፤ ሰዎቹ የሚሉት ከሩቅ ነው። እኔ እያንዳንዷን ቃል በልቤ ስለማውቃት የሚሰማ መስሎኝ ነበር። ድምፁን የቀረጸውን ፍሮምሳን አልወቅሰውም፤ እንደገና መቅረጽ ሲገባን ለማስመረቅ የቸኮልኩት እኔ ነኝ። እስኪያልቅ በሩ ጀርባ ቆሜ ቆየሁ። በነጋታው ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። የእርስዎን ፊት ማየት አልቻልኩም።

እዚህ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛና ሥነ ጥበብ አስተምራለሁ። ምክትል ርዕሰ መምህር ሁኚ ብለውኛል፤ መልሱን እስከ ጥር መጨረሻ ነው የሚፈልጉት። አባቴ ደስ ብሎታል። እሱ ሲኒማ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ፊልሜን «ያ ነገርሽ» ነው የሚለው፤ ያ ነገሬ አለቀ ብሎ ያስባል። እኔም እንደዚያው ሳላስብ አልቀረሁም።

ይህ ሳይደርስዎ ሄደው ከሆነ ግን አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ስለ ድምፁ እውነቱን።

ልጅዎ
ምስጢር


ጎፋ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ምስጢር፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን አንብቤ ነው የሄድኩት። ልመናሽን አልፌ በመሄዴ ይቅር በይኝ። ሩቲ እስከ አዳራሹ በር አደረሰችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ያየሁትን ልጻፍልሽ።

ቆጣሪ አንባቢዋ ሴት በመንደሩ እየዞረች ስምንት በር ታንኳኳለች። ሰባቱን በር በሰባት ዓይነት ነው ያስከፈትሻቸው። በአንዱ ጣቶች ብቻ ይታያሉ። በአንዱ ሕፃን ልጅ ከታች በኩል ያጮልቃል። በሌላው በሩ ወለል ብሎ ይከፈትና ማንም የለም። ስምንተኛው ጋ ስትደርስ እጇን አነሳችና ሳታንኳኳ መለሰችው። እዚያ ጋ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። ያ መብራት ሳያበራ የሚኖረው ሰውዬ ሲወጣ አባቷ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ። በምን አወቁ ካልሽኝ፣ ሁለቱም ሲቆሙ ሰውነታቸውን ግራ እግራቸው ላይ ጥለው ቀኙን ትንሽ ያስቀድማሉ። ሁለት ተዋንያን ይህን በአጋጣሚ አያመጡትም። ዳይሬክተር ነው የሚያመጣው። ስንት ቀን አለማመድሻቸው?

እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርተሽ ግቢዬ ውስጥ ልብስ ስታሰጪ አይሽ ነበር። አንድም ቀን እንዲህ ትችያለሽ ብዬ አላሰብኩም፤ አሁን ልንገርሽ።

ስለ ድምፁ እውነቱን ይንገሩኝ ብለሻል። እኔን አላስቸገረኝም። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

አራቱን ስም ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። አምስተኛው ቦታ ላይ ያ የጋሪ ነጂዎቹን ፊልም የሠራው ኮርሳ ነበር። አሁን አንቺ ነሽ። ኢፋ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ያስተላልፈዋል።

የሚወድሽ
ጸጋአብ


ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

ምን ብዬ ልጀምር? ትናንት ከአባቴ ጋር ግቢ ውስጥ ተቀምጠን በስልኬ ነው የሰማነው። አራተኛው ስም ተጠራ፤ ከዚያ ኢፋ ማስታወቂያ አስገባ! የዘይት ማስታወቂያ፣ የሪል እስቴት ማስታወቂያ፣ እንደገና የዘይት። ስልኩን አባቴ ተቀበለኝ። ከዚያ «አምስተኛ፣ ምስጢር ሎምበሶ፣ ቆጣሪ» ሲል አባቴ ዞር ብሎ «ሎምበሶ ያለው እኔን ነው?» አለኝ። «አዎ አባ፣ አንተን ነው» አልኩት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ። አባቴ አያፏጭም።

ተዋንያኑ ስለቆሙበት እግር የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሦስት ሳምንት ነው ያለማመድኳቸው። ተዋናዩ «ይሄን ማን ያየዋል?» እያለ ያማርረኝ ነበር። አንድ ሰው አየው ብዬ ጻፍኩለት።

«እኔን አላስቸገረኝም» ያሉትን መስመር ግን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። ሃያ ሁለት ዓመት ማጫወቻ ክፍል ውስጥ ድምፅ ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ካላስቸገራቸው፣ እኔ ምናልባት ከሌለ ነገር ነው የሸሸሁት አልኩ። መስመሩን ቀድቼ ለፍሮምሳ ላክሁለት። ከነሐሴ ጀምሮ ሥራ ላይ አልተሰማራም ነበር። ደውሎ አለቀሰብኝ። ዳኞቹም እንደ እርስዎ ከሰሙት ተስፋ አለን ተባባልን። ለርዕሰ መምህሩም መልሴን ቆይቼ ልስጥ ብያለሁ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ዝርዝሩን ሁልጊዜ ራስዎ ነበር የሚያነቡት። ኢፋ ጉሮሯቸውን አሟቸዋል አለ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ሐኪም አይተዋል?

አመሰግንዎታለሁ። በሕይወቴ ማንም እንዲህ አላየኝም።

ልጅዎ
ምስጢር


ጎፋ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምስጢርዬ፣

ሩቲ ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ አባቴ ሳያውቅ ነው።

ደብዳቤሽን ካነበበ ሳምንት ሆነው። መልስ ይጀምርና ይቀደዋል። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ «ለዚያ ልጅ ለፍሮምሳ ሁሉ ልካለታለች» ብሎ ሳህኑን ገፋው። ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብቶኝ ነበር፤ ቃሌን እያፈረስኩ ነው፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

አባቴ አይሰማም። በመስከረም የያዘው ማጅራት ገትር ነው። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉለት፤ ጆሮውን ግን አልቻሉም። ሁለቱንም። ስልክ የማያነሳው፣ ሬዲዮ የማይቀርበው ለዚህ ነው። የእኔን ቃል የሚያውቀው ወረቀት ላይ ስጽፍለት ነው። ያንቺን ፊልም ሲያይ አንድም ድምፅ አልሰማም።

ቀድሜ ብነግርሽ ይሻል ነበር። ግን ሸክም በዝቶባት ነው የሄደችው፤ አትጨምሪባት አለኝ። አትቀየሚው፤ እኔንም።

እህትሽ
ሩቲ


ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ጸጋአብ፣

በየትኛው ሰላምታ እንደምጀምር ጠፋኝ። ሩቲን እንዳይቆጧት፤ ነግራኛለች።

መጀመሪያ ያለቀስኩት ለእርስዎ ነው። «ትኩሳት ይዞኝ» ሲሉኝ አመንኩ። ስድስት ዓመት አባት የሆኑኝ ሰው ሆስፒታል ተኝተው እኔ እዚህ የተማሪ ደብተር አርም ነበር። ኀፍረቴን ታቅፌ ስለ ራሴ ብቻ ሳስብ አንድ ቀን እንኳ መጥቼ አላየሁዎትም። ለዚህ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቀጥሎ ያለቀስኩት ለራሴ ነው፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። «እኔን አላስቸገረኝም» ያሉት ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው ያሳመመኝ። ስለ ድምፁ እውነቱን ጠየቅኩዎት፣ እርስዎ ደግሞ ሳይዋሹ እንዳይገባኝ አድርገው መለሱልኝ። እኔም በዚያች መስመር ላይ ቤት ሠራሁባት። ፍሮምሳንም አስገባሁት። ምን ብዬ ልንገረው?

ሰባቱም ዳኞች ይሰማሉ፣ ጋሼ። እርስዎ ያዩትን ለማየት አይቆዩም። ነፋሱንና መኪናውን ሲሰሙ ያጠፉታል። የሚሰሙ ቢሆኑ ኖሮ እርስዎም ያጠፉት ነበር።

ስለዚህ ስሜን ከዝርዝሩ ያውጡልኝ። የኮርሳን ይመልሱ። ኢፋ ስህተት ነበር ብሎ ያርመዋል። የእርስዎ የአራት ዓመት ስም በእኔ ምክንያት መሳቂያ እንዲሆን አልፈልግም።

ምስጢር


ጎፋ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ምስጢር፣

ለነገው ገና እንኳን አብሮ አደረሰን። ሩቲን አልተቆጣኋትም፤ እጇን ስሜያታለሁ።

በድዬሻለሁ። ለማለስለስ አልሞክርም። ስለ ድምፁ ስትጠይቂኝ «እኔ አልሰማም፣ ሌላ ሰው ጠይቂ» ማለት ነበረብኝ። ብዕሩን ይዤ ሳስብ ቆየሁና ያቺን ተንኮለኛ መስመር ጻፍኩ። ለፍሮምሳም በእኔ ስም ንገሪው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ለምን ደበቁ ብትይኝ፣ መጀመሪያ ነገ ይመለሳል እያልኩ ነው። በየጠዋቱ ስነቃ ሩቲ ከኩሽና ዕቃ ስታነሳ እሰማ እንደሆነ ጆሮዬን እጥል ነበር። በኋላ ደግሞ ፈራሁ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ለቡ ብሎ ሲጠራ አልሰማሁትም፤ ፉሪ ደርሼ ሰው ሁሉ ሲወርድ ነው የነቃሁት። በዚያ ቀን አስፋልቱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። የአንዲት የማላውቃት ሴት አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ምን ልትረዳኝ እንደፈለገች አላውቅም። እንዲህ የሆነ ሰው ስለ ፊልም ምን ያወራል ይሉኛል ብዬ ሰጋሁ። አንቺ «ቢሰሙ ኖሮ ያጠፉት ነበር» ስትይኝ የፈራሁትን ነው የነገርሽኝ። አልተቀየምኩም። እውነት ሊሆንም ይችላል።

አሁን እኔ ደግሞ የማውቀውን ልንገርሽ። ካገገምኩ በኋላ አሥራ አምስት ፊልም ያለ ድምፅ አየሁ። በአብዛኛዎቹ ሁለት ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ከንፈር ሲያንቀሳቅስ ነው የዋልኩት። በሦስቱ እንቅልፍ ወስዶኛል። አራቱን ስም የመረጥኳቸው ዳኞቹን ስለማውቅ ነው፤ ማን ማንን እንደሚወድ፣ ባለፈው ዓመት ማንን ዘለሉ፣ ዘንድሮ ማንን ሊክሱ ይፈልጋሉ፤ ይህን ለመገመት ጆሮ አያስፈልግም። አሥራ አምስተኛው ያንቺ ነበር። ሁለት ልጆች በመሀል ተነስተው ወጡ፤ ቸኩለው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ? አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ ደንቆሮ መሆኔን ረሳሁ። ከመስከረም ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። መብራቱ ሲበራ ነው ትዝ ያለኝ።

ስምሽን አላወጣም። ዳኞቹ ይመርጡሻል ብዬ ከልቤ ገምቻለሁ፤ ከሳትኩም መሳቂያው እኔ ነኝ፣ ሽማግሌ ነኝ፣ እችለዋለሁ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። የምክትል ርዕሰ መምህርነቱን መልስ በእኔ ዝርዝር ላይ አታንጠልጥዪው። ሥራው ደስ ካሰኘሽ ዛሬውኑ እሺ በያቸው። እኔ የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው፤ ሕይወትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

የበደለሽና የሚወድሽ
ጸጋአብ


ሆሳዕና፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

ለገናው ደብዳቤዎ መልስ ሳልሰጥ ወር አለፈው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተቀይሜ አይደለም፤ ሦስት አራት ጊዜ ጀምሬ ምን እንደምልዎት ስለጠፋኝ ነው።

ትናንት ዕጩዎቹ ይፋ ሆኑ። ሩቲ ነግራዎት ይሆናል። አራቱ እርስዎ ያሏቸው ናቸው። አምስተኛው ኮርሳ ነው።

ስሜ እንደማይኖር ባውቅም ሲያነቡ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ካለቀ በኋላ አባቴ «ሎምበሶ አላሉም» አለ። «አላሉም፣ አባ» አልኩት። ተነስቶ ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ።

የእርስዎ ዝርዝር በእኔ ምክንያት በመሰበሩ በጣም ነው ያዘንኩት። ግን አንድ ነገር ላጫውትዎት። ጥር ሃያ ስድስት ቀን፣ ዕጩዎቹ ገና ሳይታወቁ፣ ለርዕሰ መምህሩ ምክትልነቱን አልችልም ብዬዋለሁ። እስከ ሰኔ አስተምራለሁ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ያን ቀን ማለዳ የገናውን ደብዳቤ እንደገና ሳነበው «ደንቆሮ መሆኔን ረሳሁ» የሚለው ጋ ቆምኩ። ሽልማት የሚሰጠኝ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ሊሰጠኝ ይችላል ብዬ አሰብኩ። ያኔ ንዴቴም ወጣልኝ።

ፍሮምሳ እውነቱን ስነግረው «ታዲያ ድምፁን እንደገና እንሥራዋ» አለኝ። ክረምት ላይ ተዋንያኑን ሰብስበን እንደገና እንቀርጻለን፤ ፉሪ እሱ ቤት ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን። ተዋንያኑ እሺ ብለዋል።

ክፍሌን ለሌላ ሰው እንዳያከራዩብኝ።

ልጅዎ
ምስጢር


ጎፋ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምስጢርዬ፣

ደብዳቤሽን ሩቲ ስታሳየኝ ሁለታችንም ተቃቀፍን። ክፍሉን ትናንት ጠረግነው።

ስለ ዝርዝሩ አትዘኚ። አድማጮች ለኢፋ «ነቢዩ ሳቱ» እያሉ እየጻፉለት ነው፤ ሩቲ አሳይታኝ ሳቅን። እንግዲህ ማንም ነቢይ አይለኝም፤ ጌታን አመስግኜዋለሁ። ሰኞ ሄጄ የኮርሳን ፊልም እንደገና አየሁት። መጀመሪያ ያላየሁትን አየሁ፤ ጋሪ ነጂው ፈረሱን የሸጠ ዕለት ልጓሙን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሚሄድበት ቦታ ካሜራው አይከተለውም፣ ቆሞ ነው የሚሸኘው። ጥሩ ልጅ ነው። ዳኞቹ አልተሳሳቱም። ያንቺንም ያየሁትን አልክድም።

ኢፋ እሑድ ከሰዓት ቤት መጣ። በር ቢያንኳኳ እኔ በምን ልስማው፤ ሩቲ ከፈተችለት። ገብቶ ፊቴ ሲቆም ደነገጥኩ። ሩቲን አየኋት፣ አየችኝ፣ ከዚያ ራሴ ነገርኩት። ወረቀት ተቀብሎኝ «ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?» ብሎ ጻፈ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ቅዳሜ ራሴ ስቱዲዮ ገብቼ ለአድማጩ እንድናገር ተስማማን። እሱ ጥያቄውን እየጻፈ ያቀርብልኛል።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። የገዛ ድምፄን አልሰማም። ልጮህ እችላለሁ፣ ላንሾካሹክ እችላለሁ፤ እኔ አላውቀውም። ሩቲ መስታወቱ ጀርባ ቆማ በእጇ ከፍ በል፣ ዝቅ በል ትለኛለች። የምትችይ ከሆነ ስሚኝና እንዴት እንደነበር እውነቱን ጻፊልኝ። አታባብይኝ።

የሚወድሽ
ጸጋአብ


ሆሳዕና፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

እውነቱን ልጻፍልዎት።

ሲጀምሩ ጮኹ። «ጤና ይስጥልኝ!» ሲሉ አባቴ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር፤ ስልኩን ሮጬ ቀነስኩት። ከዚያ ሩቲ በእጇ ዝቅ በል ብላዎት መሰለኝ፣ በጣም ዝቅ አሉና ሁለታችንም አንገታችንን ስልኩ ላይ ደፋን። «ጆሮዬ አይሰማም። ከመስከረም ጀምሮ አይሰማም» ያሉት ያኔ ነው፤ ለአንድ ሰው እንደሚነግሩ ያህል። ከዚያ በኋላ ድምፅዎ ተስተካከለ። ስድስት ዓመት ግቢ ውስጥ የማውቀው ድምፅ ነው፤ ትንሽ ሻካራ፣ ቀስ ያለ። ምንም አልሆነም፣ ጋሼ። እንዳለ ነው።

አድማጩን ይቅርታ ሲጠይቁ አልተንቀጠቀጠም። ኮርሳን እንኳን ደስ ያለህ ሲሉ ፈገግ ማለትዎ ይሰማል። ኢፋ ጥያቄ ሲጽፍልዎት ደግሞ ጣቢያው ጸጥ ይላል፤ እርስዎ አያውቁትም። አባቴ «ተቋረጠ እንዴ?» ሲል «አይ፣ እያነበቡ ነው» እለዋለሁ። «አምስተኛዋን ለምን አስገቡ?» የሚለውን ሲያነቡ በጣም ረጅም ጸጥታ ነበር። ከዚያ «ያየሁትን ስላየሁ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም» አሉ። ከዚያ በኋላ ኢፋ ሲናገር ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር። ይህን እርስዎ አልሰሙትምና ልንገርዎት፤ ልጁ እያለቀሰ ነበር።

ሲያልቅ አባቴ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ቤት ያከራዩሽ ሰውዬ እኚህ ናቸው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ያዩት ያንቺን ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«እስቲ እኔም ልየው።»

ላፕቶፑን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩለት። መነጽሩን አደረገ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ «ምን አለች? አይሰማም እኮ» አለኝ። ልዘጋው እጄን ዘርግቼ ነበር። ከዚያ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሴትየዋ ያለችውን እኔ አልኩለት። ቀጥሎ ሰውየው ያለውን። ከዚያ የጎረቤቶቹን፣ የሕፃኑን፣ የሁሉንም። እያንዳንዷን ቃል ስለማውቃት አልከበደኝም። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የሁሉንም ድምፅ ሆንኩለት።

መጨረሻው አካባቢ ቆጣሪ አንባቢዋ ወንበር ላይ ወጥታ ለአባቷ አምፖል የምትቀይርበት ቦታ አለ። እሱ ከታች ወንበሩን ይዞላታል። ሁለቱ እዚያ ጋ የሚሉት ነገር አለ፤ ልናገርለት አፌን ስከፍት አባቴ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ እጁን ክንዴ ላይ አሳረፈ።

«ተይ» አለኝ። «እዚህ ጋ ገብቶኛል።»

እስኪያልቅ እጁን አላነሳም። ይህን መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የምነግረው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

ልጅዎ
ምስጢር ሎምበሶ